ፈረስ የነካት ኳስ

ይህን ስጽፍ እየሳቅሁ ነው። ታናሽ ወንድሜ «ብቻዋን ትስቃለች፣ ሳያማት አይቀርም» ብሎ ለእናቴ ሊነግር ሄዷል። ይንገር። ያን ቀን ደምበጫ ሜዳ ላይ የሆነውን እያስታወሰ የማይስቅ ሰው ካለ ይምጣና ያሳየኝ። እናንተም አንብባችሁ ስትጨርሱ ትፈርዱልኛላችሁ።

መጀመሪያ ያኔ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ስሜ ስመኝ ነው፣ የማርቆስ ከተማ ልጅ ነኝ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ኳስ እወዳለሁ፤ መጫወት ግን አልችልም። ኳሷ ወደ እኔ ስትመጣ ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ ስገልጠው አልፋኛለች። የምችለው መፍረድ ነው። ወንድሞቼ ቴሌቪዥን ላይ ጨዋታ ሲያዩ እኔ ከኋላቸው ቁጭ ብዬ «ይሄ ኦፍሳይድ ነው፣ ያ ደግሞ ጥፋት አይደለም» እያልኩ በሆዴ እፈርዳለሁ። በሆዴ ነው ያልኳችሁ። ድምፅ አውጥቶ ከሰው ጋር መከራከር የሚባለው ነገር እኔ ዘንድ አልነበረም። ሰው «ተሳስተሻል» ካለኝ ባልሳሳትም «ይቅርታ» ብዬ እቀመጣለሁ። የሒሳብ አስተማሪያችን አንድ ጊዜ የፈተና ውጤቴን አሳስቶ ቀንሶ ሲሰጠኝ እንኳ ሄጄ አልጠየቅሁም። ጓደኛዬ «ሂጂ እንጂ አንቺ!» ብላ ብትገፋኝ የቢሮው በር ድረስ ሄጄ፣ በሩን አይቼ ተመለስኩ።

እንዲህ ያለችው ልጅ ናት እንግዲህ የዳኝነት ሥልጠና የገባችው። ሥልጠናውን የሰጡን ጋሽ ደስታው ናቸው። በወጣትነታቸው ዳኛ ነበሩ፤ አሁን የጨዋታ ኮሚሽነር ናቸው። ኮሚሽነር ማለት ጨዋታውን ከዳር ሆኖ የሚከታተል፣ ዳኞቹን የሚመዝን፣ ክስ ሲቀርብም ሰምቶ ውሳኔ የሚሰጥ ሰው ነው። ሥልጠናው ሲያልቅ ለብቻዬ ጠሩኝ።

«ስመኝ፣ ሕጉን እንዳንቺ የያዘው የለም። ድምፅሽ ግን የት ነው ያለው?»

መሬት መሬት አየሁ።

«አየሽ? እሱን ነው የምለው። ደምበጫ ላይ የሴት ተማሪዎች የፍጻሜ ጨዋታ አለ። ረዳት ዳኛ አድርጌሻለሁ። እዚያ አይቼሽ ወይ ለዞኑ ውድድር እመድብሻለሁ፣ ወይ እተውሻለሁ። ተግባባን?»

«እሺ ጋሼ» አልኩ። ድምፄን እኔም አልሰማሁት።

ጨዋታው የገበያ ቀን ላይ ዋለ። ከማርቆስ በሚኒባስ ስንደርስ ደምበጫ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰው ነው፤ ባጃጁ ጡሩንባውን ይነፋል፣ ፈረሱ ያሽካካል፣ ሁለቱም መንገድ አይለቁም። ሜዳው ከገበያው ጀርባ ያለ ሣር ነው። ጎሎቹ ከባሕር ዛፍ የተሠሩ ናቸው፤ መረብ የላቸውም። ገበያውን የጨረሰ ሰው ሁሉ ዕቃውን እንደተሸከመ መጥቶ የሜዳውን ዙሪያ ከቦታል። ፈረሳቸውን ይዘው የመጡት ደግሞ ጎሎቹ ጀርባ እያሰሩ ገቡ። እንስሳ ሜዳ አጠገብ መታሰር እንደሌለበት እኔም አውቃለሁ፤ ግን ማን ይናገራል? እኔ? ዝም አልኩ።

ለዋንጫ የሚጫወቱት የከተማው ትምህርት ቤት ልጆችና ራቅ ካለ የገጠር ቀበሌ የመጡ ልጆች ናቸው። የከተማዎቹ ቢጫ ለብሰዋል፣ የገጠሮቹ ሰማያዊ። የሰማያዊዎቹ አሠልጣኝ ጋሽ አለኸኝ ይባላሉ፤ እዚያው ትምህርት ቤታቸው ውስጥ አስተማሪ ናቸው። ረጅም ሰው ናቸው፤ የጎማ ቦት ጫማ አድርገው፣ ፊሽካ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ወደ እኛ መጡ። ዋናው ዳኛ ሙሉሰው የጫማውን ክር እያሰረ ነበር።

«ዳኞቹስ የት አሉ?» አሉ ጋሽ አለኸኝ እኔን እያዩ።

«አንዷ እኔ ነኝ ጋሼ» አልኩ።

«አንቺ?» ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «እንዴ! የኔ ተቀያሪዎች ካንቺ ይተልቃሉ እኮ። ዋናውን ዳኛ ጥሪልኝ በይ።»

ሙሉሰው ቀና ብሎ «ዋናው እኔ ነኝ። እሷም ዳኛ ናት» አላቸው። ጋሽ አለኸኝ «እሺ፣ እናያለን» ብለው ሄዱ። ክፉ ሰው አይምሰሏችሁ። ልጆቻቸውን እንደ ዓይን ብሌናቸው የሚያዩ ሰው ናቸው፤ አንዷ ብትወድቅ እሳቸው ናቸው ቀድመው «ዋይ!» የሚሉት። ያን ቀን ግን እኔን በጣም አስፈሩኝ።

ጨዋታው ተጀመረ። እንዴት ያለ ጨዋታ መሰላችሁ! ቢጫዎቹ አገቡ፣ ሰማያዊዎቹ አቻ አደረጉ። የሰማያዊዎቹ በረኛ ይታይሽ የምትባል ቀጭን ልጅ ናት፤ አምበላቸውም እሷ ነች። ኳስ ይዛ ስትነሣ «አይዟችሁ እቴ! ወደፊት!» ስትል ገበያው ድረስ ይሰማል። እኔ እንዲህ ያለ ድምፅ ቢኖረኝ ብዬ ቀናሁባት። እሷ የምትጠብቀው ጎል በእኔ በኩል ነበር።

ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የቢጫዎቹ ዘጠኝ ቁጥር አፈትልካ ወጣች። እኔም መስመሬን ይዤ እኩል ሮጥኩ። ኦፍሳይድ የለም፤ ባንዲራዬን ዝቅ እንዳደረግሁ ቀጠልኩ። ይታይሽ ጎሏን ለቅቃ ወጣች፣ ተወረወረች፣ ዘጠኝ ቁጥሯ ግን ቀስ ብላ በጎኗ አሳለፈቻት። ይታይሽ በደረቷ ሣሩ ላይ ተዘረጋች። ተከላካዮቹ ሩቅ ናቸው። ኳሷ ወደ ባዶው ጎል ቀስ እያለች ትንከባለላለች። ሰው ሁሉ ለመጮህ አፉን ከፍቷል።

ያኔ ነው ፈረሱ የመጣው።

ዳማ ፈረስ ነው። የታሰረበትን ችካል ነቅሎ፣ ገመዱን እየጎተተ፣ ሣር እየነጨ በሁለቱ የጎል እንጨቶች መካከል ዘው አለ። ልክ እንደ ተጨማሪ ተከላካይ! ኳሷ መጥታ የፊት እግሩን መታችው፤ ከዚያም ተንሸራታ መስመሩን አልፋ ገባች። ፈረሱ ኳሷን አሽትቶ፣ እንደማትበላ አይቶ፣ ወደ ሣሩ ተመለሰ።

ከዚያ ሜዳው ተናጋ። ቢጫዎቹ «ጎል! ጎል!» እያሉ ይዘላሉ፤ ሰማያዊዎቹ «ፈረስ! ፈረስ ነካው!» ይላሉ፤ ተመልካቹ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ሙሉሰው ፊሽካውን ነፍቶ ወደ እኔ ሮጠ። እሱ መሀል ሜዳ ላይ ስለነበር የፈረሱን መቀመጫ ብቻ ነው ያየው።

«ስመኝ፣ ምን አየሽ?»

«ይቅርታ» ልል ነበር፣ እውነቴን ነው፤ ማንም ሳይወቅሰኝ ይቅርታ ልጠይቅ! ግን የጠየቀኝ ያየሁትን ብቻ ነው። ያየሁትን ነገርኩት።

«ኳሷ ወደ ጎል እየሄደች ነበር። በረኛዋ አስቀድማ ወድቃለች። ፈረሱ የነካት ከዚያ በኋላ ነው። ማንንም ተከላካይ አልከለከለም። ኳሷም መስመሩን አልፋለች።»

«ስለዚህ?»

«ስለዚህ በሕጉ ጎል ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ሙሉሰው ትንሽ አሰበና እጁን ወደ መሀል ሜዳ ዘረጋ። ጎል!

ጋሽ አለኸኝ መስመሩ ላይ ሆነው ሁለት እጃቸውን ሰማይ ሰቀሉ። «ኧረ በሕግ አምላክ! ፈረስ ያስገባው ጎል ይጸድቃል? ክስ አለኝ! ክስ ያዙልኝ!»

እንደምታውቁት ሜዳ ላይ ክስ የሚያስይዘው አሠልጣኙ ሳይሆን አምበሉ ነው፤ ያውም ጨዋታው እንደገና ሳይጀመር፣ የሌላው ቡድን አምበልና ረዳት ዳኛው በሚሰሙበት። ሙሉሰው ይታይሽን ጠራት። ሣር ከፀጉሯ እያራገፈች መጣች። ጋሽ አለኸኝን አየቻቸው፣ ፈረሱን አየችው፣ እኔን አየችኝ።

«ክስ… አለኝ» አለች። ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ።

«በምን ላይ?»

«በፈረሱ ላይ።»

ሙሉሰው ሳቁን ዋጥ አድርጎ «በጎሉ ላይ ማለትሽ ነው» አላት። «አዎ፣ በጎሉ ላይ።» ተመዘገበ። ፈረሱን አስወጥተው አሰሩት፣ ጨዋታው ቀጠለ፣ በዚያው ውጤት አለቀ።

ዋንጫው ግን ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ጋሽ ደስታው «ክስ ስላለ ይቆይ» አሉ። ቢጫዎቹ «ውይ!» አሉ። የእኔ ሆድ ከሁሉም በላይ «ውይ» አለ። ጎሉ ከተሻረ ሙሉሰውን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ የመጀመሪያ ጨዋታዬ የመጨረሻዬ ሊሆን ነው። ዞን የሚባለው ነገር በዚያው ቀረ ማለት ነው።

ጋሽ ደስታው ክሱን ክፍል ገብተው የሚሰሙ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን «እዚያው ጎሉ ጋ እንሂድ» አሉ። ሄድን። ሕዝቡም ተከተለን። ዶሮ የያዘ ዶሮውን እንደያዘ፣ ሽንኩርት የተሸከመች ሽንኩርቷን እንደተሸከመች ጎሉን ከበቡ። መደበቂያ የለም።

«አቶ አለኸኝ፣ ይናገሩ» አሉ ጋሽ ደስታው።

«የምናገረው አጭር ነው። የውጭ አካል ኳስ ከነካ ጨዋታው ይቆማል፤ ዳኛው ኳሷን ጥሎ እንደገና ያስጀምራል። ሠልጥኜበታለሁ። ፈረስ ደግሞ የውጭ አካል ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ተቀያሪ?»

ሕዝቡ ሳቀ። እኔም ልስቅ ትንሽ ቀረኝ።

«ዳኛው ሜዳ ላይ ያየውን ነገር እኔ አልሽረውም» አሉ ጋሽ ደስታው። «ሕጉን አዛብቶ ከሆነ ግን እመረምራለሁ። ስለዚህ ጥያቄው የሕግ ነው።» ወደ እኔ ዞሩ። «ስመኝ፣ ሕጉ ምን ይላል?»

ያ ሁሉ ሰው ዓይኑን እኔ ላይ ተከለ። አንዷ ዶሮ እንኳ ያየችኝ መሰለኝ። አፌን ስከፍት የወጣው ድምፅ የትንኝ ነው።

«አልሰማንም!» አለ አንዱ ከኋላ። «ልጅቱ ትናገር፣ ዝም በሉ!» አለች ሽንኩርት የተሸከመችው ሴትዮ።

ዓይኔን ጨፈንኩና ጮህኩ። በእውነት ጮህኩ።

«ጋሽ አለኸኝ ያሉት ልክ ነው! የውጭ አካል ኳስ ከነካ ጨዋታው ይቆማል። ግን ሕጉ ተሻሽሏል፤ ሕግ ሦስት ላይ ነው ያለው። ኳሷ ወደ ጎል እየሄደች ከሆነ፣ የነካት ነገር ተከላካዩን ኳሷን እንዳይጫወት ካልከለከለው፣ ኳሷም ከገባች፣ ጎል ነው። የነካትን ነገር ሜዳ ያስገባው አጥቂው ቡድን ከሆነ ብቻ ነው የማይጸድቀው!»

ዓይኔን ስገልጥ ጋሽ ደስታው ፈገግ ብለዋል። «ልክ ነው። እኔም ዳኛ በነበርኩበት ዘመን አቶ አለኸኝ እንዳሉት ነበር። ኋላ ተሻሻለ።»

ጋሽ አለኸኝ አገጫቸውን አሻሹ። ተሸነፉ ብዬ ነበር። የት! «መልካም!» አሉ። «ልጅቱ ጥሩ አድርጋ ነገረችኝ። እንግዲያው በራሷ ሕግ ልሙገት። ተከላካዩን ካልከለከለው ብላለች። ከልክሏል! በረኛዬ ተነሥታ ኳሷን ልትይዝ ስትል ያን የሚያህል ፈረስ ፊቷ ተገተረ። ልጅት ደነገጠች! ፈራች! ፈረስ ሲመጣባት ምን ታድርግ?»

ሕዝቡ አጉረመረመ። «እውነት ነው» ያለም ነበር። እኔ ቀዘቀዝኩ። ምክንያቱም ይህ የሕግ ጥያቄ ሳይሆን የይታይሽ ልብ ጥያቄ ነው። እሷ «አዎ፣ ፈርቼ ነው» ካለች ማን ሊያስተባብል ይችላል? ደግሞ ምን ትበል? አሠልጣኟ ናቸው፣ ጓደኞቿ ከጀርባዋ ቆመዋል፣ ዋንጫው እዚያ ማዶ ያበራል።

«ፈረሱ የማን ነው መጀመሪያ?» አሉ ጋሽ ደስታው።

ሰማያዊ የለበሱት ልጆች በሙሉ ድንገት የጫማቸው ክር አሳሰባቸው። አንድ ሽማግሌ «እኔ ያለችኝ በቅሎ ናት» አሉ፤ ማንም ባይጠይቃቸውም።

«ይሁን። ይታይሽ፣ አንቺ ተናገሪ። ፈረሱን ፈርተሽ ነው ያልተነሣሽው?»

ይታይሽ ከንፈሯን ነከሰች። ፊቷ መቅላት ጀመረ። እኔ የጨነቃት መስሎኝ አዘንኩላት። ለካ ተናዳ ነው!

«እኔ?» አለች። «እኔ ፈረስ እፈራለሁ? ጋሼ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይታይሽ ፈረስ ፈራች ይሉኛል?»

«ልጄ፣ ቆይ…» አሉ ጋሽ አለኸኝ።

«አልቆይም! ፈረሱን መች አየሁት? ፊቴ ሣር ውስጥ ነበር! ቀና ስል ኳሷ ገብታለች። ባየውስ ሸጋውን ፈረስ ልፈራ ነው? ጠዋት ጠዋት ወንዝ ወስጄ ውሃ የማጠጣልዎ እኔ አይደለሁም? ኮርቻ ሳይጫን የምጋልበው እኔ አይደለሁም? ነገ አገሬ ስገባ ምን ሊሉኝ ነው? የጋሽ አለኸኝን ፈረስ ፈርታ ጎል ገባባት ሊሉኝ?»

ጋሽ ደስታው መነጽራቸውን ቀስ ብለው አወለቁ። «ቆይ ቆይ። የማንን ፈረስ አልሽ?»

ይታይሽ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! ያ ሕዝብ ሣሩ ላይ ተንከባለለ። ዶሮ የያዘው ሰውዬ ዶሮውን ለቀቃት፤ ዶሮዋ በሜዳው ሮጠች፤ ማንም የሚይዛት ጠፋ። ሙሉሰው የጎሉን እንጨት ተደግፎ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሰማያዊዎቹ ልጆች ተቃቅፈው እያለቀሱ ይስቃሉ። ለካስ ልጆቹ የመጡበትን አይሱዙ ሲሞሉት ለአሠልጣኙ ቦታ ጠፍቶ፣ ጋሽ አለኸኝ ፈረሳቸውን ጭነው፣ ከኋላ ተከትለው ደርሰው፣ ጨዋታው እንዳያመልጣቸው በችኮላ ጎሉ ጀርባ አስረውት ኖሯል።

መጨረሻ ላይ የሳቁት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ሲስቁ ግን ከሁሉም በላይ ሳቁ፤ ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉና ይታይሽን ራሷ ላይ ዳበሷት። «አንቺ ልጅ፣ ዋንጫ ከምታጪና ፈሪ ከምትባዪ የቱን ትመርጫለሽ ብዬ ብጠይቅሽ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። ጋሽ ደስታው፣ ክሴን አንስቻለሁ።»

«ክሱ ተነሥቷል፣ ጎሉ ጸድቋል» አሉ ጋሽ ደስታው። «የአሠልጣኙ ፈረስ ግን ከሚቀጥለው ጨዋታ ጀምሮ ከሜዳ ታግዷል።»

ዋንጫው ለቢጫዎቹ ተሰጠ። ይታይሽ ግን ባዶ እጇን አልሄደችም፤ ወረዳውን ወክለው ዞን ከሚጫወቱት ልጆች መካከል የመጀመሪያው ስም የእሷ ሆነ። ጋሽ ደስታው ወደ እኔ መጥተው ሁለት ነገር አሉኝ። አንደኛው፣ «ፈረሶቹን ከጨዋታው በፊት አይተሻቸዋል አይደል? ያኔ ብትናገሪ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይሆንም ነበር።» አንገቴን ነቀነቅሁ፤ እውነታቸውን ነው። ሁለተኛው፣ «ዞን ላይ እንገናኝ።»

በቃ፣ ይኸው ነው። ከሳምንት በኋላ ወደ ሒሳብ አስተማሪያችን ቢሮ ሄጄ በሩን አንኳኳሁ ብዬ ብጨርስላችሁ ደስ ይል ነበር፤ ግን ያ ውጤት ካለፈ ቆይቷል። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። እኔ ከዚያ ቀን በፊት «ክስ አለኝ» ማለት «ጠላሁሽ» ማለት ይመስለኝ ነበር። ሰው ከተከራከረኝ ወዳጅነታችን ያለቀ ይመስለኝ ነበር፤ ለዚህ ነው ሁሌ ቀድሜ ይቅርታ የምለው። ያን ቀን ግን እየጮሁ የተሟገቱኝ ጋሽ አለኸኝ የኔን ሕግ ሰምተው «ጥሩ አድርጋ ነገረችኝ» አሉ፤ አሉና በዚያው ሕግ መልሰው ሞገቱኝ። አያችሁ? ሰምተውኛል ማለት ነው! ያልሰሙትን ሰው በራሱ ቃል መሞገት አይቻልም። እናንተም እንደኔ አንገታችሁን ደፍታችሁ የምትኖሩ ካላችሁ ይህን ብቻ ልበላችሁ፤ የሚከራከራችሁ ሰው የቆማችሁበትን ቦታ እያየ ነው።

የዞኑ ውድድር ላይ ማርቆስ ሜዳ ስገባ ሰው ሞልቶ ነበር። ጨዋታው ገና እንደተጀመረ ባንዲራዬን ስሰቅል አንድ የማላውቃቸው አሠልጣኝ ከመቀመጫቸው ዘለው ተነሡ። «ዳኛ! ኧረ ዳኛ! ይሄ እንዴት ኦፍሳይድ ይሆናል?» እያሉ ጮሁብኝ።

ወደ ኋላዬ ዞሬ ዳኛ የሚሉት ማንን እንደሆነ ፈለግሁ። ከኋላዬ ማንም የለም። እኔን ነው!

ባንዲራዬን ሰቅዬ እንደያዝኩ፣ ጥርሴን መሸፈን እያቃተኝ «ኦፍሳይድ ነው ጋሼ!» አልኳቸው። ከዳር እስከ ዳር ተሰማ።